ወንድሜን ሐኪም ለማድረግ ስንት ወጣ?

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጥር ላይ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ሳለ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ነጥብ ከመጣልኝ ሜዲስን ልግባ?» አለችኝ። «ያልተማሩት ሁሉ ግቢ ይሉኛል። የተማሩት ደግሞ አትግቢ ይሉኛል።»

ወዲያው አልመለስኩላትም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሳላሰላ መናገር አይሆንልኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣሁ። ታናሽ ወንድሜ ሕክምና ሊማር ከሄደበት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የላክሁለትን ብር የጻፍኩበት ነው። እንዲመልስልኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ የእጅ ልማድ ነው። ደብተሩ ለዚች ልጅ መልስ ይሆናት እንደሆነ ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት።

እዚህ የምጽፈው የአንድ ቤት ጉዳይ ነው። ወንድሜ የተማረበትንና የሠራበትን ቦታ ስም አልጠራም። ቁጥሩን ግን አልደብቅም።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። አባታችን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ ወጥቷል። እናታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሦስት ልጆች ነን። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። መካከለኛው ወንድሜ ብየዳ ይሠራል። ትንሹ ሐኪም ነው።

የትንሹ የ12ኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ሰፈሩ እልል አለ። ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ «ዶክተር» ይሉት ጀመር። እናቴ ገበያ ስትወጣ «የዶክተር እናት» ተባለች። በዚያው ክረምት ግን ሌላም ነገር ሆኗል። መካከለኛው ወንድሜ 10ኛ ክፍል ጨርሶ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ነበር። የሚቀጥለውን ደረጃ ተምሮ ኮሌጅ የመግባት ሐሳብ ነበረው። እናቴ አንድ ማታ ምጣዱ ላይ እንደጎነበሰች፣ ቀና ሳትል፣ «እንግዲህ አንዱ ይማር፣ አንዱ ደግሞ ቤቱን ይያዝ» አለች። እሱ ምንም አልመለሰም። በሳምንቱ አንድ ብረታ ብረት ቤት በቀን ሠራተኛነት ገባ። ይህን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። ብር አይደለማ።

የጻፍኩት ይህን ነው። በ2009 እና በ2010 በየወሩ 1,000 ብር ልኬያለሁ። በ2011 እና በ2012፣ 1,500። በ2013 እና በ2014፣ 2,000። በመጨረሻው ዓመት በ2015፣ 3,000። ድምሩ 144,000 ብር ነው። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ 22,000። ማዳመጫ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጋውንና ትናንሽ ዕቃዎች 6,500። ሁሉም ሲደመር 172,500 ብር። የአውቶቡስ ትኬትና እናቴ በየሴሚስተሩ ቋጥራ የምትልከው በሶና ቆሎ እዚህ ውስጥ የለም።

ማዳመጫውን የገዛነው አብረን ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ ሱቆች ሦስቱን ዞርን። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ አንዱን አንስቶ ጆሮው ላይ ሰካና ሌላውን ጫፍ እኔ ደረት ላይ አደረገው። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ውጭ የታክሲ ረዳት ይጮኻል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ይሰማኛል» አለ። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ብዙ ሰው «በነፃ ነው የተማረው» ይላል። በነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው በየዓመቱ የኮስት ሼሪንግ ውል ይፈርማል። የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ ወጪ ይሸከማል። ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ ይቆረጥበታል። የወንድሜ ዕዳ በመጨረሻ 40,000 ብር ገደማ ሆነ። እሱ እስኪዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጠውም፤ የሚኬደው በቴምፖ፣ በጊዜያዊ ማስረጃ ነው።

ብሩ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ለሰባት ዓመት ትምህርት ብዙ አይባልም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ቁጥር ሲሰሙ ይገርማቸዋል። እዚያ ተበድረው ከሚመረቁት ሐኪሞች መካከለኛው ዕዳ 200,000 ዶላር አካባቢ ነው። ግን እዚያ ስፔሻላይዝ አድርጎ የጨረሰ ሐኪም ያንን ዕዳ የሚሸከም ደመወዝ ያገኛል። እኛ ጋ ዕዳው ትንሽ ነው፤ ደመወዙም ትንሽ ነው። ስለዚህ የእኛን ቤት ጉዳይ በወጪው ብቻ ማስላት ያሳስታል። ዓመቶቹን መቁጠር ያስፈልጋል።

ፒሲ ዋን፣ ማለት ሆስፒታል ከመግባት በፊት ያለው ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሲገባ 18 ዓመቱ ነበር። ፒሲ ዋንና ፒሲ ቱ ንባብ ብቻ ናቸው። ቤት ሲመጣ የአጥንት ስም እያነበነበ ነበር የሚተኛው። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ የሚማሩባቸው ሲ ዋንና ሲ ቱ መጡ፤ ጧት ሞርኒንግ የሚሉት ስብሰባ፣ ቀጥሎ ራውንድ (በሽተኞችን አልጋ በአልጋ መጎብኘት)፣ ከሰዓት ክፍል። በመካከሉ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከግማሽ ዓመት በላይ ቤት ተቀመጠ። በመጨረሻ ኢንተርን ሆነ። ኢንተርን ማለት ሲደክም ሠራተኛ፣ ሲጠይቅ ተማሪ ማለት ነው። ደም የሚቀዳው እሱ፣ ካርድ የሚፈልገው እሱ፣ ሌሊት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ። በዚያ ዓመት ስደውልለት ስልኩን አንስቶ መልስ ሳይሰጠኝ እንቅልፍ የወሰደው ጊዜ አለ። ትንፋሹን እየሰማሁ ትንሽ ቆይቼ ዘጋሁት።

በ2015 ክረምት ተመረቀ። አባታችን ያልለበሰውን ኮት ከሣጥን አወጣ። ቃለ መሐላውን ሲምሉ እናቴ ከኋላዬ እያለቀሰች ነበር። ሁላችንም «በቃ አለቀ» ብለን ነበር። በእውነቱ ግን ከባዱ ጊዜ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የፈቃድ ፈተናውን አለፈ። ሥራ ግን የለም። ዘጠኝ ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ።

ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሰዎች አሉ። «ሐኪም ሥራ አጥ ይሆናል እንዴ?» ይላሉ። ሐኪም በጠፋበት አገር፣ ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር። አዎ፣ ይሆናል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲውን የከፈተው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪም የሚያስመርቁት አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ያኔ የተመረቀ ሁሉ በጤና ጥበቃ እጣ አውጥቶ ይመደባል። ሩቅ ቢደርሰውም ሥራው አለ። የአገልግሎት ዓመቱን እስኪጨርስ ማስረጃው አይለቀቅም። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ነባሮቹም ቅበላቸውን ጨመሩ። ሐኪም በየዓመቱ በሺዎች መመረቅ ጀመረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ አገሩ ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን ሐኪም የሚቀጥረው ክልልና ወረዳ ነው። የወረዳ በጀት እንደ ተመራቂው ቁጥር አላደገም። በሽተኛው አለ፣ ሐኪሙም አለ፣ መደቡ ግን የለም። የወንድሜ ባች የተመረቀው እዚህ መሐል ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያይ ነበር። አልፎ አልፎ አንድ የግል ክሊኒክ ሌሊት ተክቶ ይሠራል። ሰፈር ውስጥ «ዶክተር» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። መካከለኛው ወንድሜ ያኔ የራሱን መበየጃ ገዝቶ ትንሽ ቤት ተከራይቶ ነበር። አንድ ቀን ደወለልኝና «እትዬ፣ አንቺ አትላኪ፤ የዚህን ወር እኔ እሰጠዋለሁ» አለኝ። የዚያን ወር መስመር ባዶ ተውኩት። የሰጠው ስንት እንደሆነ ሁለቱም አልነገሩኝም።

በ2016 መጨረሻ ከቤት 400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተቀጠረ። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ስፔሻላይዝ ያላደረጉ ጠቅላላ ሐኪሞቹ አራት ነበሩ።

የመጀመሪያ ደመወዙን አብረን አሰላን። ለማስላት እንዲመች 9,000 ብር ብላችሁ ያዙት። በጊዜው በነበረው ሕግ የሥራ ግብሩ 1,745 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 630። ኮስት ሼሪንግ 10 በመቶ፣ 900። እጁ ላይ የሚገባው 5,725 ብር ነው። አንድ ክፍል ቤት 2,500 ይከራያል። የዱቲ፣ ማለትም የተረኝነት፣ ክፍያ ይጨመራል፤ ግን በወሩ አይመጣም። አንዳንዴ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አምስት ወር ይቆያል። ሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። ዘይቱም ታክሲውም አብሮ ወጣ። የሰባት ዓመት ትምህርት፣ ዘጠኝ ወር ጥበቃ፣ ከዚያ በወር ከ50 ዶላር በታች።

የካቲት 2017 ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ስደርስ ዱቲ ላይ ነበር። ማዋለጃው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ጠብቂኝ አለኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት በቃሬዛ መጣች፤ አራት ሰው ነው የተሸከማት። ወንድሜ ከውስጥ እየሮጠ ወጣ። ቧንቧው አጠገብ ቆመና ከጋውኑ ኪስ አንዲት ትንሽ የኦሞ ከረጢት አወጣ። መዳፉ ላይ ቆንጥሮ አድርጎ ታጠበ። ሳሙና ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ኦሞውን የሚገዛው ከኪሱ ነው። ታጥቦ ገባ።

በሩ ገርበብ ብሏል። አይታየኝም፣ ይሰማኛል። ሴትየዋ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። የልጅ ድምፅ የለም። ቀጥሎ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። በኋላ እንደነገረኝ ሕፃኑ ሳይተነፍስ ነው የተወለደው። በትንሽ ጭምብል አየር እየሰጠው ነበር፤ ቆጠራው እጁ እንዳይፈጥን ነው። ስንት ጊዜ እንደቆጠረ አላውቅም። የሴትየዋ ባል አጠገቤ ጋቢውን ጥርሱ ውስጥ አድርጎ ይነክሳል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፣ እንደ ድመት። ቀጥሎ ጎላ ብሎ አለቀሰ። ሰውየው መሬት ላይ ተደፍቶ ሳመ።

በማግስቱ ከሰዓት ነው ወንድሜ የተለቀቀው። ሽሮ አዘዝን። ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ ሦስተኛው ጉርሻ እጁ ላይ እንዳለ ግድግዳውን ተደግፎ ተኛ። አልቀሰቀስኩትም። እጁን በሶፍት ጠረግኩለት።

ከመሄዴ በፊት «የወር ወጪህን ጻፍልኝ፣ አብረን እናስተካክለው» አልኩት። ጻፈልኝ። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ካርድ፣ ኦሞ። ከታች «መድኃኒት፣ 620» ይላል። «አሞህ ነበር?» አልኩት ደንግጬ። «የኔ አይደለም፣ የሰው ነው» አለኝ። ፋርማሲው ውስጥ የጠፋ መድኃኒት ውጭ ይታዘዛል። መግዛት የማይችል ሲመጣ ከአራቱ ሐኪሞች ተረኛው ይገዛል። በየወሩ። ሃያ ዓመት ሂሳብ ስሠራ ደመወዙ 5,725 ሆኖ 620ውን ለማያውቀው ሰው የሚከፍል አላየሁም ነበር። ይህን ወጪ ቀንስ ልለው ብዕሬን አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት።

ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች በየቦታው ድምፃቸውን አሰሙ። ደመወዝ፣ የዱቲ ክፍያ፣ ለራሳቸው ሕክምና ማግኘት ነበር ጥያቄው። በከፊል፣ ቆይቶም ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆሙ ነበሩ። የታሰሩም ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2011 ሚያዝያ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሰብስበው አነጋግረው ነበር። በዚያ ግንቦት እናቴ ሌሊት እየተነሳች ትደውልለት ነበር። ጥያቄው የልመና አይመስለኝም። የሰው ነፍስ የያዘ እጅ በኦሞ መታጠብ የለበትም ማለት ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሻለ። የአንድ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል፤ የሐኪሙም ተነስቷል። ረድቶታል። ግን ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ከጨመረ በኋላ የመጣ ጭማሪ ነው።

ከባቹ ብዙዎቹ እግራቸው መንገድ ላይ ነው። የቴሌግራም ግሩፓቸውን ሲያሳየኝ ግማሹ ወሬ ስለ መውጣት ነው። አንዳንዱ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ሄዶ በዶላር ይሠራል። አንዳንዱ ለገልፍ አገሮች ማስረጃውን ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት እያስመረመረ ፕሮሜትሪክ የሚሉትን የፈቃድ ፈተና ያጠናል። አሜሪካን የሚያስቡት ለዩኤስኤምኤልኢ፣ ለአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና፣ ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ስቴፕ (የፈተናው አንድ ደረጃ) ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ይህ ለአንድ ጠቅላላ ሐኪም ከዓመት ደመወዝ በላይ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከፍሎ ቢያልፍም ሬዚደንሲ፣ ማለትም የስፔሻሊስት ሥልጠና ቦታ፣ ማግኘቱ ሌላ ፈተና ነው። የሄዱትን አልወቅስም። እኔም አንድ ጊዜ «አንተም ሂድ» ብዬዋለሁ። «መጀመሪያ ስፔሻላይዝ ላድርግ» ነው ያለኝ።

ልክ ነበር። የዚህ ጉዳይ ማጠፊያ እዚህ ጋ ነው፤ ሰው የማይቆጥረውም ይህንን ነው። ሁሉም ሰው «ሕክምና ሰባት ዓመት ነው» ይላል። ሰባት ዓመት የሚያደርስህ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ መኖር ደግሞ አሁን ባለው ሁኔታ ቤተሰብ አይመሠርትም። ኑሮው የሚቀየረው ስፔሻሊስት ሲሆን ነው። ስፔሻሊስት ቀን መንግሥት ቤት ሠርቶ ማታ የግል ሆስፒታል ይሠራል፤ ገቢው ከዚያ ነው። ለዚያ ሬዚደንሲ ማመልከት፣ ፈተናውን መፈተን፣ በማቺንግ፣ አመልካቾች ከሥልጠና ቦታዎች ጋር በሚዛመዱበት ምደባ፣ ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። ውስጥ ደዌና ሕፃናት ሦስት ዓመት ነው። ቀዶ ሕክምናና ማህፀን አራት። ስፖንሰር ያደረገው አካል ደመወዙን ይከፍላል፤ ሲጨርስ ግን የአገልግሎት ግዴታ አለበት። የወንድሜን ስቆጥረው ሰባት ትምህርት፣ አንድ ሥራ ፍለጋ፣ ሁለት ገደማ ሥራ፣ ሦስት ሬዚደንሲ ይመጣል። 13 ዓመት። በ18 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ሠላሳን አልፎ ነው የሚያበቃው።

መካከለኛው ወንድሜ በዚሁ ጊዜ ምን ሆነ? በርና መስኮት ይሠራል፤ ሁለት ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። በጥሩ ወር የሐኪሙን ደመወዝ ሦስት እጥፍ ያገኛል። የወላጆቻችንን ጣሪያ የቀየረው እሱ ነው። ግን ትምህርቱን ያቆመው ወዶ አይደለም። ማታ ዓይኑ በብየዳ ብርሃን ተቃጥሎ ድንች ከትፎ ሲደርብበት አይቻለሁ። ሐኪሙ ወንድሙ በስልክ «እባክህ መነጽሩን አትጣል» ይለዋል።

ለአክስቴ ልጅ ደብተሩን ሰጠኋት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አገላበጠችው። ከዚያ ያሰብኩትን ነገርኳት። በብር ብቻ ካየሽው እስካሁን አላዋጣም፤ ማንም እንዳይዋሽሽ። «ዶክተር» መባልን ፈልገሽ ከሆነ አትግቢ፤ ስሙ የመጀመሪያውን ዱቲ አያስችልሽም። ያንን ሌሊት የሰማሁትን ቆጠራ አንቺ መቁጠር የምትፈልጊ ከሆነ ግን ግቢ። ስትገቢ ሰባት ሳይሆን 13 ብለሽ ቁጠሪ። ደግሞ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚተውልሽ አስቀድማችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ታናሽ እህትሽ ትምህርት የምታቆም ከሆነ አይሆንም በይ፤ ሌላ መላ ይፈለግ። እኛ ያላደረግነው ይህንን ነው። ወንድሜን እንደገና ላስተምር ወይ ብትይኝ አስተምራለሁ። ያንን ማታ ግን ምጣዱ አጠገብ ዝም አልልም።

«መካከለኛው ወንድምሽ የሰጠው የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። የትም አልተጻፈም አልኳት።

የማቺንጉ ውጤት ሲወጣ ወንድሜ ሕፃናት ሕክምና ደረሰው። መጀመሪያ የመረጠውን ነው ያገኘው። የሚማርበት ከተማ ኪራይ ውድ ነው፤ ደመወዙ ብቻውን አይበቃም። ሦስታችን ደብረ ብርሃን ተገናኝተን ተነጋገርን። መካከለኛው ወንድሜ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ እኔ እችላለሁ አለ። ሐኪሙ ደግሞ ስፔሻሊስት ሲሆን መጀመሪያ የሚያደርገውን ተናገረ፤ ወንድሙ የማታ ትምህርት ተመዝግቦ ያቋረጠውን እንዲጨርስ ክፍያውን ይችላል። መካከለኛው ሳቀና «በዚያ ዕድሜዬ?» አለ። እንቢ ግን አላለም።

አዲስ ደብተር ገዛሁ። በፊት አንድ ዓምድ ብቻ ነበር የማሰምረው፣ የኔን። አሁን ሦስት አሰመርኩ። በመካከለኛው ራስጌ ላይ የሱን ስም ጻፍኩ። የመጀመሪያውን መስመር ስሞላ «ከ2009 ጀምሮ ያለውን ንገረኝ» አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ መቁጠር ጀመረ።